በነፃ የሚታደል የሐበሻ መጽሔት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሐበሻ ገበያ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይቶታል። ከእንጀራው መደርደሪያ ጎን፣ ወይም ከገንዘብ መቀበያው ፊት ለፊት፣ በአማርኛ የታተመ መጽሔት ተቆልሎ ይገኛል። ዋጋ የለውም፤ አንስቶ መሄድ ነው። አትላንታና ቶሮንቶም እንዲሁ ነው።

እኔ ከእነዚህ በአንዱ በአዘጋጅነት እሠራለሁ። በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ መጽሔት መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶችና ማኅበራት ይደውሉልናል። አንባቢዎችም ይጠይቁናል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሱን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። አብዛኛው የማውቀው የአሜሪካውን አሠራር ነው፤ ሌላ አገር የሚለይበትን ቦታ በየመሃሉ እናገራለሁ።

ሁሉም ነገር ስልክ ላይ እያለ ወረቀት ለምን አስፈለገ?

ስልኩ የአዲስ አበባን ወሬ በደቂቃ ያደርሳል። እዚሁ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ነፃ የደም ግፊት ምርመራ እንዳለ ግን አይነግርም። ቢነግርም በእንግሊዝኛ ነው።

ልጆቻቸው ከአገር ቤት ያመጧቸውን እናቶችና አባቶች አስቡ። ልጅ ሥራ ነው፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው። እነሱ መኪና አይነዱም፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። ብዙዎቹ ከሚኖሩበት ከተማ ይልቅ ትተውት ስለመጡት ከተማ ያውቃሉ። መጽሔቱ አሁን ያሉበትን ሰፈር በራሳቸው ቋንቋ ያሳያቸዋል። ማን ሱቅ ከፈተ፣ የማን ልጅ ተመረቀች፣ የአረጋውያን ማኅበር የት ይሰበሰባል፣ የትኛው አውቶቡስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። አንዲት እናት ደውለው «ለካ እዚህም ሰው አለ» ያሉትን አልረሳውም።

ደግሞ ወረቀት ቤት ይቀመጣል። ባል ያነበዋል፣ ሚስት ታነበዋለች፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ታገላብጠዋለች። ፀጉር ቤት ወረፋ የያዘ ሁሉ ያየዋል። የሌሊት ፈረቃ የገባ የፓርኪንግ ሠራተኛ ከሽፋን እስከ ጀርባ ይጨርሰዋል። የፊደል ግድፈት እንኳ አያልፈውም።

ነፃ ከሆነ ወጪውን ማን ይችላል?

ማስታወቂያ አስነጋሪው። ምግብ ቤት፣ የታክስ ባለሙያ፣ የቤት ሽያጭ ወኪል፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የጉዞ ወኪል፣ ገንዘብ ላኪ፣ የሠርግ ዲኮር። ቦታው በሙሉ ገጽ፣ በግማሽ፣ በሩብና በቢዝነስ ካርድ መጠን ይሸጣል። የመጨረሻዋ ትንሽ ብትመስልም አትናቋት። ትልቅ ገጽ መግዛት የማይችለውን ሞግዚት፣ ልብስ ሰፊና ቧንቧ ሠራተኛ የምታስገባው እሷ ናት። አንባቢም የሚፈልገው እነሱን ነው።

ገቢው ወቅት አለው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 የታክስ ባለሙያዎች ይበዛሉ። ሁዳዴ ሲገባ የሠርግ ማስታወቂያ ይጠፋል። ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። በጁላይ 4 ሰሞን እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድሩን ያካሂዳል። አስተናጋጇ ከተማ የናንተ ከሆነች የዚያ ወር እትም ከሌላው ሁሉ ይወፍራል። ቀጥሎ እንቁጣጣሽ ይመጣል። ስለዚህ በደህናው ወር የገባውን በዚያው ወር አትጨርሱት፤ የሁዳዴ ወር ማተሚያ ከዚያ ነው የሚከፈለው።

ሌላም የገቢ በር አለ፤ ብዙዎች አያንኳኩትም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና መረጃዎችን ከሚያዘጋጁባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሜሪላንድ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲም በአማርኛ መረጃ ያወጣል። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ አንባቢ ጋ መድረስ ይፈልጋሉ። እናንተ መኖራችሁን ካላወቁ ግን አይመጡም። የመጽሔቱን ቅጂ ይዛችሁ፣ ስንት እንደምታሳትሙና የት እንደምታድሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሂዱባቸው።

ማስታወቂያ አስነጋሪዎች በጊዜ ይከፍላሉ?

ከመታተሙ በፊት ካላስከፈላችሁ ብዙዎቹ አይከፍሉም። ክፋት አይደለም፤ ተዋውቀናል፣ ተዛምደናል። «ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ወር» ሲላችሁ እንቢ ማለት ያስቸግራል። ማተሚያ ቤቱ ግን ወንድማችሁ አይደለም። ይሉኝታ መጽሔት ይዘጋል። ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ «ክፍያ ከኅትመት በፊት» ብላችሁ ጻፉት፤ ለአጎታችሁም ቢሆን አትሻሩት። የዓመት ውል ለሚፈርም ቅናሽ ስጡ። በየወሩ ከመለማመጥ ይገላግላችኋል።

ምን ያህል ገጽ ለማስታወቂያ ይተው?

ግማሽ በግማሽ ካለፈ አንባቢው ያውቃል። እኛ ከግማሽ በታች ለማቆየት እንታገላለን፤ 32 ገጽ ከሆነ 14 ወይም 15ቱ ማለት ነው። ደግሞም የሚነበብ ማስታወቂያ በራሱ መረጃ ነው። ለአዲስ መጤ የሐበሻ የሕፃናት ሐኪም አድራሻ ከማንኛውም ጽሑፍ ሊበልጥበት ይችላል። ጽሑፍ መስሎ የተከፈለበት ነገር ካለ ግን ራሱ ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ቃል ይቀመጥ። በአሜሪካ ሕግ አንባቢን በዚህ ማሳሳት አይቻልም፤ ባይከለከልም ኖሮ ነውር ነው።

የመጣውን ማስታወቂያ ሁሉ መቀበል አለብን?

በፍጹም። በተለይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በጣም እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ፦ የኢሚግሬሽን ጉዳይ «እናስጨርሳለን» የሚሉት።

አሜሪካ ውስጥ ኖታሪ ማለት የፊርማ ምስክር ነው፤ ጠበቃ አይደለም። የኢሚግሬሽን የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው፤ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እውቅና የሰጠው፣ እውቅና ባለው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ተወካይ ነው። ሌላው ቅጽ መተርጎም ይችላል፤ የተነገረውን መሙላት ይችላል። የትኛውን ቅጽ አስገቡ፣ ምን ብላችሁ መልሱ ማለት ግን አይችልም። በዚህ መስመር የተሳሳተ ሰው ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያጣው። የጥገኝነት ማመልከቻው ይበላሻል፤ ባልና ሚስት ለዓመታት ተለያይተው ይቀራሉ።

ስለዚህ ጠበቃ ነኝ ላለ ሁሉ የየትኛው ግዛት ባር (የጠበቆች ማኅበር) አባል እንደሆነ ጠይቁ፤ ስሙን በባሩ ድረ ገጽ ማጣራት ደቂቃ አይፈጅም። ተወካይ ነኝ ካለ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው። ካልተገኘ አትቀበሉት። ሙሉ ገጽ ለዓመት እገዛለሁ ቢል እንኳ። እናቶቻችን «መጽሔቱ ላይ አየሁት» ብለው ነው የሚያምኑት። ያ እምነት የናንተ ስም ነው።

«በወር ይህን ያህል እጥፍ ትርፍ» የሚል የኢንቨስትመንት ማስታወቂያና «ፈውስ ዋስትና» የሚል መድኃኒትም በዚሁ መንገድ ይመለሱ።

ምን እንጻፍበት?

ሌላ ማንም የማይጽፈውን። አዲስ መጽሔት ሲጀመር ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ይኸው ነው። የመጀመሪያው እትም ከድረ ገጽ በተወሰደ የአገር ቤት ዜና፣ «የስኬት ምስጢሮች» በሚል ትርጉምና ስለ ታዋቂ ዘፋኝ በሚወራ ወሬ ይሞላል። አንባቢው ይህን ሁሉ ከሳምንት በፊት በስልኩ አይቶታል።

የሰፈሩን ሰው ግን ማንም አልጻፈለትም። ዲሲ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ ታክሲ ነድቶ አራት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ አባት አለ። ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ አካባቢ የመጀመሪያዎቹን ምግብ ቤቶች የከፈቱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ያ ሰፈር በዚያን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር፣ ጤፍ በማይገኝበት ዘመን እንጀራውን በምን ይጋግሩ እንደነበር ጠይቋቸው። በራሱ የሚነሳውን ዱቄት፣ ከገብስ ጋር የሚቀላቅሉትን፣ ያበላሹትን ሊጥ ሁሉ ይነግሯችኋል። እነዚህ ሰዎች እያረጁ ነው። ዛሬ ካልተጻፈ አብሯቸው ይሄዳል።

ከዚያ ትንንሹ ዜና። ልደት፣ ጋብቻ፣ ምርቃት፣ አዲስ የተከፈተ ሱቅ፣ ዜግነት የተሰጣቸው፣ የነርስነት ፈተና ያለፈች ልጅ። ስምና ፎቶ። ሰው ራሱን ወይም የሚያውቀውን ያየበት ገጽ አይጣልም፤ ተቆርጦ ወደ አገር ቤት ይላካል። ገጽ ባነሰን ጊዜ የምንቆርጠው ረጅሙን ጽሑፍ ነው እንጂ ይህን አይደለም።

ሦስተኛው ጥቅም ላይ የሚውል መረጃ ነው። የኪራይ ውል ሲፈርሙ ምን ማየት እንዳለባቸው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የሚያስፈልገው የክትባት ወረቀት፣ ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል ቀጠሮ ሲኖር አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ እንደሚቻል። ብዙ ሰው የመጨረሻውን አያውቅም። የአሥር ዓመት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ሐኪም ፊት ያቀርባል።

የሐዘን ዜና እንዴት ይስተናገዳል?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው።

በወጋችን መርዶ በስልክ አይነገርም። የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛና ሽማግሌ ተሰብስቦ በጠዋት ሄዶ ይነግራል። እናቱ አገር ቤት ያረፈችበት ሰው ምንም ሳያውቅ ሥራ ሲውል፣ የሚያውቁት ሁሉ አፋቸውን ይዘው የሚነገርበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ፌስቡክ ይህን ወግ ክፉኛ ጎድቶታል። በእረፍት ሰዓቱ ስልኩን ከፍቶ የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ያየ ሰው አውቃለሁ።

በወር አንዴ የሚወጣ መጽሔት መዘግየቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቢሆንም ሕግ አበጁ። ከቤተሰቡ በጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ የማንም ሞት አይታተም። ፈቃድ ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ገና ያልተነገረው ሰው አለ?» ሌላ አገር ያለ ወንድም፣ ታማ የተኛች እኅት፣ በወሊድ ላይ ያለች ልጅ ልትኖር ትችላለች። ካለ ለሚቀጥለው እትም ይቆይ።

ፎቶውን ቤተሰቡ ይምረጥ። የሞተበትን ምክንያት እነሱ ካልፈለጉ አትጻፉ። የቤቱን አድራሻ አታውጡ፤ ለቅሶው የሚደረግበት አዳራሽ ወይም ቤተ እምነት በቂ ነው። ማዕረግ አይዘለል፦ ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ መምህር፣ ሲስተር፣ ሻምበል። ለቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ሟቹ የሚወጣ አጭር ጽሑፍ በነፃ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የአርባ፣ የሙት ዓመትና የምስጋና ሙሉ ገጽ በክፍያ ቢሆን ችግር የለውም። ከሐዘን ዜና ግን ገንዘብ አንቀበል።

አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሲኖር ደግሞ ከማተማችሁ በፊት ዕድሩን ወይም ቤተሰቡን ራሱን አነጋግሩ። ሒሳቡ በማን ስም እንደተከፈተ እዩ። የሰው ደግነት አንዴ ከተታለለ ለሚቀጥለው ችግረኛ ኪሱ አይፈታም።

ፖለቲካ ይገባበታል?

የአገር ቤት ፖለቲካ ላይ አቋም አንይዝም። ምክንያቱ ፍርሃት አይደለም። ያው መጽሔት በአማራው፣ በኦሮሞው፣ በትግሬው፣ በጉራጌው ሱቅ ይቀመጣል። ለጥቂት ደቂቃ አንድ ቦታ ቆመው አንድ ነገር የሚያነቡበት ጠረጴዛ ካላስቀረን ለሰፈሩ ምን እየሠራን ነው? አገር ቤት በጦርነት የቆሰለ ቤተሰብ በየሱቁ አለ። ጀርባውን ሰጥቶን የሄደ ባለሱቅ መጽሔቱን መልሶ ለማስቀመጥ ዓመታት ይፈጅበታል።

የምንኖርበት ከተማ ፖለቲካ ግን ይግባ። የትምህርት ቦርድ ምርጫ፣ የኪራይ ጭማሪ ሕግ፣ የታክሲ ደንብ፣ የአውቶቡስ መስመር መቆረጥ። ተወዳዳሪዎች ሁሉ እኩል ጥያቄ ይቅረብላቸው፤ መልሳቸው ጎን ለጎን ይታተም። አሳታሚው ግብር የማይከፍል በጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ አንዱን ተወዳዳሪ ደግፎ ወይም ተቃውሞ መጻፍ በሕግ ክልክል ነው። ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ሊያስነጥቀው ይችላል።

የሃይማኖት በዓላትስ?

ሁሉም ይኑሩ። የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙ፣ የፕሮቴስታንቱ፣ የካቶሊኩ። በዓመቱ መጨረሻ ገጾቹን ቆጥራችሁ አንዱ ተረስቶ እንደሆነ እዩ።

በጣም የሚወደደው ገጽ የቀን መቁጠሪያው ነው። ማቀዝቀዣ በር ላይ ይለጠፋል፤ ወሩን ሙሉ አይነሳም። የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን ይኑርበት። አጿማት፣ በዓላት፣ የከተማው ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን፣ ሰዓት የሚቀየርበት እሁድ አብረው ይግቡ። አዘጋጁ ግን ይጠንቀቅ። እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግሥቱ ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደዚያ ነበር። ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት መስቀልና ጥምቀትም በአንድ ቀን ይገፋሉ። ኢድ በጨረቃ ስለሚታይ «የሚጠበቅበት ቀን» ብላችሁ ጻፉ።

በአማርኛ ብቻ ይሁን?

እዚህ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙዎቹ አያነቡም። ለእነሱ ሁለትና ሦስት ገጽ በእንግሊዝኛ መተው ተገቢ ነው፤ በተለይ ራሳቸው የሚጽፉት ሲሆን። አንድ የልጆች ገጽም ይኑር፦ አንድ የፊደል ቤት ከነሰባት ድምፁ፣ ሥዕል፣ እንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ?» ስትል አያት፣ «ምን አውቅልሽ» የሚል ልጅ ቤት ውስጥ ከተገኘ ገጹ ሥራውን ሠርቷል።

ትግርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በብዛት ካለ በየቋንቋው አንዳንድ ገጽ ስጡ። አራሚ ሳይኖራችሁ ግን አትጀምሩ። በግድፈት የተሞላ ገጽ ከሌለ ገጽ ይብሳል፤ ንቀት ይመስላል።

በየትኛው ፎንት እንሥራ?

በዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደሉ በየትኛውም ኮምፒውተር እንዲነበብ በሚያደርገው የጋራ አሠራር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድን ባልተከተሉ እንደ ድሮው ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ የማይነበብ ይሆናል። በዕድሜ የገፉ ጸሐፊዎች አሁንም በእሱ የሚልኩላችሁ ይኖራሉ። አትቆጧቸው፤ መቀየሪያ ፈልጉ፣ ካልሆነ እንደገና ተይቡት።

ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ለኅትመትም ይፈቀዳሉ። መጠኑን አታሳንሱ። ዋነኞቹ አንባቢዎቻችን መነጽር የሚያደርጉ ናቸው። አማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ግራና ቀኝ እኩል ሲደረግ በቃላት መሃል ገደል ይፈጠራል። ገጹን ከሦስት ዓምድ ይልቅ በሁለት ክፈሉት።

ማተሚያ ቤት ስንሄድ ምን ማወቅ አለብን?

የገጹ ብዛት ለ4 ይካፈል፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናልና። 24፣ 28፣ 32። በሽቦ የሚጠረዝ መጽሔት ለዚህ መጠን ይበቃል። ጥቂት መቶ ቅጂ ከሆነ ዲጂታል ይረክሳል። ሺዎች ሲሆን ኦፍሴት ይሻላል፤ የፕሌቱ (የማተሚያ ሰሌዳው) ወጪ ለብዙ ቅጂ ይከፋፈላል። ከአንድ ቦታ ብቻ ዋጋ አትጠይቁ፤ ከከተማ ወጣ ያለው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይፈለጋል። ሰው በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚልከው ግን ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልን» በሏቸው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ የደበዘዘ ሙሽራ ታድናለች።

ትንሽ ለመጀመር አትፈሩ። በምኒልክ ዘመን የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ አእምሮ ሲጀምር በእጅ እየተገለበጠ በጥቂት ቅጂ ነበር የሚታደለው።

የት የት እናድል?

መጽሔት የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ተጽፎ፣ ጥሩ ታትሞ፣ ካርቶኑ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። በጀት ስትሠሩ ለአከፋፋዩ ከጸሐፊው በፊት መድቡ። ቤንዚኑንም ጊዜውንም።

የሐበሻ ገበያ፣ ምግብ ቤትና ፀጉር ቤት የታወቁ ናቸው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት አስተዳደሩን አስፈቅዱ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ማስታወቂያ የመጠጥ ወይም የጭፈራ ቤት ከሆነ እዚያ አትውሰዱት። የአማርኛ ተናጋሪ ሐኪም የሚሠራበት ክሊኒክ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ፣ የታክሲ ሹፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ በቀላሉ ይረሳሉ። የአረጋውያን ሕንፃ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም፤ ሌላ ቦታ ቢጎድል እንኳ እዚያ ሙሉውን ቁጥር ማድረስ አለብን።

ባለሱቁን በስሙ ጥሩት፣ ሰላም በሉት፣ የት ላስቀምጥ ብላችሁ ጠይቁት። ጥሎ የሚሄድ ሰው መጽሔት በማግሥቱ ወንበር ሥር ይገኛል። አዲሱን ስታደርሱ የቀረውን አሮጌ ቆጥራችሁ አንሱ። በአንድ ቦታ ሁልጊዜ የሚተርፍ ከሆነ ቀንሱ፤ በሦስት ቀን የሚያልቅበት ቦታ ጨምሩ። ይህ የቁጥር ደብተር ለማስታወቂያ አስነጋሪውም ማስረጃ ነው።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

አሜሪካ ውስጥ ለማተም የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ንግድ ስለሆነ ግን ድርጅቱን በግዛቱ ማስመዝገብና ግብር መክፈል ግዴታ ነው። ዓለም አቀፉ የመጽሔት መለያ ቁጥር ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይገኛል፤ ውሰዱት። ይኸው ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ኅትመቶችን ስለሚሰበስብ ቅጂ ላኩለት። እንግሊዝ አገር ከሆናችሁ ከታተመ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ቅጂ ለብሪቲሽ ላይብረሪ መላክ በሕግ ይጠበቅባችኋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት መጽሔቶች በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይመዘገባሉ። በገልፍ አገሮች ደግሞ ያለ ፈቃድ ማተምና ማደል ከባድ ቅጣት ያስከትላል። እዚያ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ መረጃ ለመለዋወጥ ብላችሁ ራሳችሁን አደጋ ላይ እንዳትጥሉ። አስቀድማችሁ የአገሩን ሕግ አጣሩ።

አንባቢ የላከው ደብዳቤ ሰው ቢሰድብስ?

«የአንባቢ ሐሳብ ነው» ማለት አያድንም። ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር የድረ ገጹን ባለቤት የሚጠብቅ ሕግ አሜሪካ ውስጥ አለ፤ ወረቀት ላይ ለሚታተም አይሠራም። ያተመ ይጠየቃል። የሰው ስም የሚነካ ጽሑፍ ማስረጃው ካልታየና ተከሳሹ መልስ እንዲሰጥ ካልተጠየቀ አይውጣ። ከፌስቡክ የተነሳ ፎቶም ባለቤት አለው፤ ጠይቁት፤ አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ይሰጣል።

ስንት ሰው ይበቃል?

አንድ አዘጋጅ፣ አንድ ገጽ ሠሪ፣ አንድ ማስታወቂያ ሰብሳቢ፣ አንድ አከፋፋይ። ማስታወቂያ የሚሰበስበውና ጽሑፍ የሚመርጠው አንድ ሰው ባይሆን ይመረጣል። አራሚ ከጡረታ የወጡ መምህራን ዘንድ ፈልጉ። በየከተማው አሉ፤ ጥሪ ነው የሚጠብቁት። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ስሙ መጽሔቱ ላይ ይውጣ፤ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ እሱ ይታሰብ።

ኢንተርኔት ላይም ይውጣ?

አዎ፣ በፒዲኤፍ። ሌላ ግዛት ያለ ዘመድ ያየዋል፤ አሮጌው እትምም ይቀመጣል። ነገር ግን ወረቀቱ ከታደለ ከሳምንት በኋላ ይሁን። የልጆችን ፎቶ ለኢንተርኔት ለማውጣት ከወላጅ ለብቻው ፈቃድ ውሰዱ።

ብንዘጋስ?

በድንገት አትጥፉ። የዓመት ውል ከፍለው ያልታተመላቸውን ገንዘባቸውን መልሱ። የመጨረሻው እትም ላይ የመጨረሻ መሆኑን ጻፉ። የሁሉንም እትም ፋይል በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፤ አንድ ሙሉ የወረቀት ስብስብ ደግሞ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ስሙን ወስዶ መቀጠል የሚፈልግ ወጣት ቡድን ካለ የአከፋፋዩን ደብተርና የባለሱቆቹን ስልክ አብራችሁ አስረክቡት። ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።